የሪጽፋ ማቅና የአሶሳ መቃብሮች

የንባብ ክፍል፦ 2ኛ ሳሙኤል 21፥1-14



ከላይ የጠቀስሁት ክፍል ብዙ ጊዜ አይሰበክበትም። እኔም ለዓመታት እዚያ ስደርስ ገጹን ቶሎ ገልጬ አልፍ ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው በራብ ነው። ሦስት ዓመት ተከታታይ ራብ ሆነ፤ ዳዊት እግዚአብሔርን ሲጠይቅ ምክንያቱ ሳኦል በገባዖናውያን ላይ ያፈሰሰው ደም መሆኑ ተነገረው። ገባዖናውያን ከእስራኤል ወገን አልነበሩም፤ በመሐላ ከለላ የተሰጣቸው የምድሪቱ ነባር ሕዝብ ነበሩ። ንጉሡ መሐላውን አፍርሶ ሊያጠፋቸው ተነሣ። እነርሱም በበኩላቸው ከሳኦል ዘር ሰባት ሰዎች ጠየቁ፤ ተሰጣቸው፤ በተራራ ላይ ሰቀሏቸው።

ከሰባቱ ሁለቱ የሪጽፋ ልጆች ናቸው። ይህች እናት ማቅ ወስዳ በድንጋይ ላይ ዘረጋች፤ ከገብስ መከር መጀመሪያ አንሥቶ ዝናብ እስኪወርድ ድረስ ከሬሳዎቹ አልተለየችም። ቀን ወፎችን፣ ሌሊት የዱር አውሬዎችን ትከላከል ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ አንዲት ንግግር እንኳ አልመዘገበላትም። አልከሰሰችም፣ አቤቱታ አልጻፈችም፤ ተቀምጣ ጠበቀች። ወሬው ዳዊት ዘንድ ደረሰ። ንጉሡ ሄዶ የሳኦልንና የዮናታንን አጥንት ከኢያቢስ ገለዓድ አመጣ፤ የተሰቀሉትንም አጥንት አሰበሰበ፤ በቂስ መቃብር አስቀበረ።

አሁን ቁጥር 14ን ደግማችሁ አንብቡት። እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ የተለመነውን የሰማው መቼ ነው? ሰባቱ በተሰቀሉ ቀን አይደለም። ደም በደም ሲካካስ ሰማዩ ዝም ብሏል። የተሰማው አጥንቱ ተለቅሞ ከተቀበረ በኋላ ነው።

ይህን የምጽፈው ከአሶሳ ነው። ስለ ራብ፣ ስለ ፈረሰ ቃል ኪዳን፣ ስለ ነባር ሕዝብና ስላልተቀበሩ ሙታን ሲነገር እዚህ ያለ ሰው ሩቅ አገር ማሰብ አያስፈልገውም።

ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ጄኔራል ተፈሪ በንቲን አስገድለው ሥልጣኑን ጠቅልለው ያዙ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 9 ቀን በአብዮት አደባባይ፣ በዛሬው መስቀል አደባባይ፣ ቀይ ፈሳሽ የሞላበት ጠርሙስ እየወረወሩ ሰበሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታላላቆቻችን ያውቁታል። ወጣት በሌሊት ከቤቱ ይወሰዳል፤ ጠዋት ሬሳው ጽሑፍ ተለጥፎበት መንገድ ላይ ይገኛል። እናት እንዳታለቅስ ትከለከላለች። ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የከፈሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ሪጽፋ ቢያንስ ልጆቿ የት እንዳሉ ታውቅ ነበር፤ ማቋን የምትዘረጋበት ድንጋይም አላጣችም። የእኛ እናቶች ግን ማቅ መልበስም ወንጀል ሆነባቸው።

ቤተ ክርስቲያንም አልቀረላትም። ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወረሰ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ መሪዎቿም ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። አሶሳ በዚያን ጊዜ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ በወለጋ የመካነ ኢየሱስ ምእመናን የጸሎት ቤቶቻቸው ሲታሸጉ፣ መጋዘንና የስብሰባ አዳራሽ ሲሆኑ አይተዋል።

የቄስ ጉዲና ቱምሳን ስም የማያውቅ ወንጌላዊ አማኝ ያለ አይመስለኝም። በወለጋ ቦጂ የተወለዱ፣ ከ1958 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ተደጋግመው ታሰሩ። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ አዲስ አበባ ኡራኤል ካለው የመካነ ኢየሱስ ጉባኤ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ ታፈኑ። በዚያው ሌሊት ተገደሉ። መንግሥት ግን አላውቅም አለ። ወይዘሮ ፀሐይ እርሳቸውም ቆይቶ ታስረው፣ ተገርፈው፣ ወደ ዐሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በወኅኒ ኖሩ። የባለቤታቸው አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. በክብር ተቀበረ። ዐሥራ ሦስት ዓመት!

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ አብረን አናነሣውም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በ1971 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ አጽማቸውም የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። በሕይወት ሳሉ በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ምን ያህል ርቀት እንደነበረ እናውቃለን። ገዳዩ ግን አንድ ነበር፤ ያለ ምልክት መሬት ውስጥ የቆዩበትም ዘመን አንድ ነበር።

አገሪቱ ሙታኗን ጨርሶ አልረሳችም። የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቁሞ ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀመረ። የጅምላ መቃብሮች ሲከፈቱ ከአርጀንቲና የመጡ የአጽም መርማሪዎች ረድተዋል፤ እነርሱም ሙያውን የተማሩት ወታደሮች የሰወሯቸውን የገዛ አገራቸውን ልጆች ሲፈልጉ ነው። ፍርዱ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ተሰጠ። ኮሎኔል መንግሥቱ በሌሉበት ጥፋተኛ ተባሉ፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው፤ እርሳቸው ግን ዚምባብዌ ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በመስቀል አደባባይ ተከፈተ። አዲስ አበባ የምትሄዱ ሁሉ ግቡበት። በውስጡ የፎቶግራፍ ግድግዳ አለ፤ ከዚያም ወዲያ አጥንትና የራስ ቅል በመስተዋት ውስጥ ይታያል። እኔ የራስ ቅሎቹን አልፌ ፎቶዎቹ ጋ ቆምሁ። አብዛኞቹ የተማሪ ፎቶዎች ናቸው፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ለመታወቂያ የተነሡ የሚመስሉ ልጆች።

ወደ አሶሳ በአውቶቡስ ስመለስ ግን አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም። የእኛ አካባቢ ሙታን የት አሉ?

በከተማችን መናኸሪያ ተሳፋሪው ሲወርድ የሚጠራውን ስም አዳምጡ። «አምባ 14» ይላል አንዱ። በመተከል በኩል ያለው የፓዌ ሰው ደግሞ «መንደር 7» ይላል። ሰው አገሩን በቁጥር የሚጠራበት ምክንያት አለው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን፣ ትግራይንና ሰሜን ሸዋን ሲፈጅ ደርግ ሕዝቡን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ማጓጓዝ ጀመረ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጊዜ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ተወሰደ። አሶሳ ከዚያ ቀደም ብሎም የሰፈራ ጣቢያ ነበረባት፤ አሁን ግን ጎርፍ ሆነ። ወደ መተከል፣ ወደ በለስ ሸለቆ ብቻ ወደ 80 ሺህ ሰው ገባ። መንደሮቹ ስም አልነበራቸውም፤ ኃላፊዎቹ ቁጥር ሰጧቸው።

ራብ ያስጨነቀው ወዶ የሄደም አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን እርዳታ እህል ሊቀበል ተሰልፎ የተጫነም አለ፤ ከገበያ የታፈሰ አለ፤ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት ተነጣጥሎ የመጣ አለ። የተጓዙት በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን ነበር። የደጋ ሰው ወባ ወዳለበት ቆላ ወረደ። ያለ ቤት፣ ያለ መድኃኒት፣ ቀርከሃ እየቆረጠ ጎጆ ሠርቶ ብርዱ ከአጥንቱ ሳይወጣ ትኩሳት ያዘው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት ይህ አሠራር ሰው እየገደለ ነው ብሎ በይፋ ስለ ተናገረ እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ ከአገር ተባረረ። በዚያ ዘመን ከልጆቻቸው ሦስቱንና አራቱን በአንድ ክረምት የቀበሩ እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። በጥይት ስላልሞቱ በሙዚየሙ ግድግዳ ላይ የሉም። ቀብሩም ቢሆን መስቀል ወይም ድንጋይ የቆመበት ጥቂት ነው፤ ቀባሪው ራሱ ታማሚ ነበርና።

ይህ አንዱ ወገን ነው። ሌላውን ካላነሣሁ ግን ከሪጽፋ ታሪክ ግማሹን ቀድጄ ጣልሁ ማለት ነው፤ ገባዖናውያንን ረሳሁ ማለት ነው።

የሰፈራው መሬት ባዶ አልነበረም። በርታው ማሽላውን የሚዘራበት፣ ጉሙዙ መሬቱን እያፈራረቀ የሚያርስበት፣ ማር የሚቆርጥበት፣ የሚያድንበት፣ ዓሣ የሚያጠምድበት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ካርታ የዘረጋው ሹም «ጠፍ መሬት» አለው። በበለስ ሸለቆ ጫካው በትራክተር ሲገለበጥ ጉሙዙን ማንም አልጠየቀውም፤ ተገፍቶ ወደ ዳር ሄደ። ከደርግ በፊትም ይህ ምድር የባሪያ ፈንጋዮች መንገድ ነበር፤ ቁስሉ ያረጀ ነው። ቀይ ሽብር የሚለውን ቃል የሰሙ ሰዎች የአዲስ አበባን ተማሪ ያስባሉ፤ ቀዬውን ያጣውን የጉሙዝ አባወራ ግን የመንግሥት ግፍ ሰለባ ብሎ የሚጠራው አላየሁም።

እንግዲህ የአንድ መንግሥት ሁለት ሰለባዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሁለቱም ተበድለዋል፤ ሁለቱም በዳዩን ጎረቤቱ አድርጎ አየው። በዳዩ ፈርሞ ወደ ቢሮው ተመልሷል፤ በኋላም ከአገር ወጥቷል። የቀረው ሰፋሪና ነባር የሚባል ስም ነው።

ይህ ምን እንዳፈራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለ ቀበሌ ሰዎች ገና ከእንቅልፋቸው ሳይነሡ ተጨፈጨፉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የሟቾቹ ቁጥር ከ100 እንደሚበልጥ ያን ጊዜውኑ ገለጸ። በመተከል በእነዚያ ዓመታት የወደቀው የአንድ ወገን ሰው ብቻ አልነበረም፤ የበቀሉ በትርም ንጹሐን ጉሙዞች ላይ አርፏል። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሙታን ቆጥሮ ያስታውሳል፤ የሌላውን አይቆጥርም። እንዲህ ያለ ማስታወስ ሰባቱን በተራራ ላይ ከመስቀል የተለየ ነገር ነው ብዬ ራሴን ማሳመን አልቻልሁም።

ወገኖቼ፣ «ታዲያ እንርሳው፤ ቁስል አትንኩ» የሚል ምክር በየጉባኤያችን ሲሰጥ እሰማለሁ። የኋላውን እየረሳሁ ያለውን የጳውሎስን ቃል የሚጠቅስም አለ። ነገር ግን ጳውሎስ በዚያ ስፍራ የሚናገረው ስለ ራሱ ሩጫና ትምክሕት ነው፤ እስጢፋኖስ ሲወገር የገዳዮቹን ልብስ ይጠብቅ እንደነበረ ግን አልረሳም። በሐዋርያት ሥራ 22 በሕዝብ ፊት ቆሞ የሟቹን ስም ጠርቶ ተናገረ። የአቤል ደምም ከምድር ጮኸ ሲል ቃሉ፣ ከግድያው በኋላ እግዚአብሔር ለቃየን ያቀረበው የመጀመሪያ ጥያቄ ወንድምህ ወዴት ነው የሚል ነው። እርሱ አጥቶት አልነበረም የጠየቀው።

እዚህ ላይ የሚያስቸግረንን ነገር በግልጽ ልናገር። በደርግ ዘመን የቀበሌ ሹም የነበረ፣ በአብዮት ጥበቃ መሣሪያ የያዘ፣ ስም ዝርዝር ያቀበለ ሰው ጌታን አግኝቶ ዛሬ አብሮን ይዘምራል። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ጸጋው ለእርሱም ነው። ችግሩ አጠገቡ የተቀመጠችው እናት ወንድሟ የት እንደ ተጣለ አለማወቋ ነው። እርሱ ምናልባት ያውቃል። ንስሐውን ለጌታ ብቻ አድርጎ ዘመኑን ከጨረሰ መቃብሩን ይዞት ይሄዳል። እኛ መሪዎችም ጉባኤው እንዳይረበሽ እያልን ዝም እናሰኘዋለን። ይህን ስጽፍ እኔም ዝም ካሰኙት አንዱ እንደሆንሁ አልደብቅም።

ደርግ አብዮቱን የቀዳው ከሶቪየት ኅብረት ነው፤ ስለዚህ እዚያ ያሉ ሰዎች ሙታናቸውን እንዴት እንደሚያስቡ ማየቱ ይጠቅመናል። በስታሊን ዘመን እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 ብቻ ከ680 ሺህ በላይ ሰው እንደ ተረሸነ የራሱ የጸጥታ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ያሳያል። ከተረሸኑትና በግዞት ካለቁት መካከል ባፕቲስትና ሌሎች ወንጌላውያን ወንድሞቻችን ብዙ ነበሩ። ስደቱ ከስታሊን በኋላም አላበቃም፤ ፓስተር ጆርጂ ቪንስ ለዓመታት ታስረው ከአገራቸው የተባረሩት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1979 ነው፤ እዚህ ቄስ ጉዲና ከመገደላቸው ሦስት ወር ቀድሞ ማለት ነው።

የሩሲያ ምክር ቤት ኦክቶበር 30ን የፖለቲካ ጭቆና ሰለባዎች መታሰቢያ ቀን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በሞስኮ፣ በጸጥታው መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ባለው አደባባይ፣ የመጀመሪያው የእስር ካምፕ ከነበረበት ከሶሎቬትስኪ ደሴት የመጣ አንድ ድንጋይ ቆሟል። ያልተጠረበ ትልቅ ድንጋይ ነው። ከ2007 ጀምሮ በመታሰቢያው ዋዜማ ሰዎች እዚያ በብርድ ይሰለፉ ነበር። ተራው የደረሰው ሰው ወደ ድምፅ ማጉያው ቀርቦ የተሰጠውን ወረቀት ያነባል፦ የሟቹን ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የተረሸነበትን ቀን። ጫማ ሠሪ፣ 41 ዓመት። ሂሳብ ሹም፣ 29 ዓመት። ብዙዎች የማያውቁትን ሰው ስም ካነበቡ በኋላ የገዛ አያታቸውን ስም ይጨምራሉ። ንግግር የለም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስም ብቻ። ይህን ያዘጋጅ የነበረው ሜሞሪያል የተባለ ማኅበር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲፈርስ ተደረገ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሌሎች ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። ስሙን ማንበብ ግን በሌሎች አገሮች ከተሞች ቀጥሏል።

እኔን የያዘኝ የወረቀቱ ነገር ነው። አንባቢው የሚያነበውን ሰው አይመርጥም። የሚደርሰው ስም የራሱ ወገን ይሁን የሌላ፣ አማኝ ይሁን ኮሚኒስት አያውቅም። ዳዊትም የሰበሰበው የወዳጁን የዮናታንን አጥንት ብቻ አይደለም። ሊገድለው በየበረሃው ያሳደደውን የሳኦልንም አጥንት ተሸክሟል።

ሐምሌ 21ን በጉባኤያችን ቄስ ጉዲናን ስናስብ ለምን ወረቀት አናዘጋጅም? በአንዱ ወረቀት ላይ ከወሎ መጥታ በአምባው ውስጥ በወባ የሞተች ሕፃን ትኑር፤ በሌላው ከቀዬው ተገፍቶ የሞተ የጉሙዝ አባወራ፤ በሌላው ሙስሊም የበርታ ሽማግሌ፤ በሌላው ከተማሪ ቤት የተወሰደ ልጅ። የሰፋሪው ልጅ የጉሙዙን ስም ያንብብ፤ የበርታው ልጅ የወሎይቱን ሕፃን። አጠራሩ ይከብደዋል፤ ቀድሞ ሊለማመደው ይገባል፤ ለመለማመድም የሟቹ ዘመድ ቤት ሄዶ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። የሟቹ ቤተሰብ የክርስትና እምነት ከሌለው ፈቃዱን እንጠይቅ፤ ካልፈቀደ ይቅር።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሐምሌ በአሶሳ ዝናቡ የሚበረታበት ነው። ወደ አምባዎቹ የሚወስደው መንገድ ይጨቀያል፤ ያረጁት እናቶች ከቤት አይወጡም፤ ስሞቹን የሚያውቁት ደግሞ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ወጣቶቻችን ደብተር ይዘው መዞር ያለባቸው በበጋው ነው፤ መከሩ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ዝናቡ እስኪወርድ ድረስ።